«ቱ ዎንግ ፎ» በባሕር ዳር፦ የትኛውን ቅጂ ላስጭን?

ፍላሽ ይዘው ፊልም ጫኚ ቤት ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። «ቱ ዎንግ ፎ» ሊታይ የሚገባው ኮሜዲ ነው፤ እጅ ላይ የሚገባው ቅጂ ግን ብዙ ጊዜ ፊልሙን አይመስልም። ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ የሆነ፣ ድምፁ የራሱ እንግሊዝኛ የሆነ፣ ሰብታይትሉ ለብቻው ፋይል የሆነ ቅጂ ካገኙ ያስጭኑ። በአማርኛ ተተርኮ የተቀዳውን ግን በነፃ ቢሰጥዎም ይተዉት።

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ «ለዎንግ ፎ፣ ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ! ጁሊ ኒውማር» እንደ ማለት ነው። ፎቶ ላይ የተጻፈ የፊርማ ቃል ነው። ጁሊ ኒውማር በ1960ዎቹ የ«ባትማን» ተከታታይ ድራማ ላይ ካትዉማንን የተጫወተችው ተዋናይት ናት። በፊልሙ ውስጥ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ የሆነችው ቪዳ ይህን ፎቶ ከአንድ የቻይና ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ታነሳውና የጉዞው ገድ ታደርገዋለች።

ታሪኩ የመንገድ ታሪክ ነው። ድራግ ኩዊን ማለት የሴት ልብስ፣ ዊግና ሜካፕ አድርጎ መድረክ ላይ የሚጫወት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ የሆነ ባለሙያ ነው። ቪዳ ቦሄም (ፓትሪክ ስዌይዚ) እና ኖክሲማ ጃክሰን (ዌስሊ ስናይፕስ) ኒው ዮርክ ውስጥ የድራግ ኩዊን ውድድር እኩል ያሸንፉና ለዋናው ውድድር ወደ ሆሊዉድ የሚወስድ የአውሮፕላን ቲኬት ይሸለማሉ። ተሸንፋ የምታለቅሰውን ቺቺ ሮድሪገስን (ጆን ሌጉዊዛሞ) አስከትለው ለመሄድ ሲሉ ቲኬቱን በአሮጌ ቢጫ ካዲላክ ይለውጡታል። ካዲላኩ ሜዳ ላይ ይቆማል። መለዋወጫ እስኪመጣ ስናይደርስቪል በምትባል፣ አንድ መንገድ ብቻ ባላት ከተማ ቅዳሜና እሑድን ይቆያሉ። ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪላክለት ደጀን ወይም ፍኖተ ሰላም ያደረ መንገደኛ ይህን ክፍል ያለ ትርጉም ይረዳዋል። ስናይደርስቪል የፈጠራ ስም ናት፤ የተቀረጸችው በአሜሪካዋ ኔብራስካ ግዛት ውስጥ ሎማ በምትባል ሚጢጢ መንደር ነው።

ፊልሙን ያዘጋጀችው እንግሊዛዊቷ ቢባን ኪድሮን ናት፤ የጻፈው ዳግላስ ካርተር ቢን፤ ያሠራው የስቲቨን ስፒልበርግ ኩባንያ አምብሊን፤ ያከፋፈለው ዩኒቨርሳል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ የገባው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1995 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1987 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ትልቅ ስቱዲዮ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው በድብድብ የሚያውቃቸውን ሁለት ጡንቸኞች ቀሚስ አልብሶ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቀሚሱን ሳያስወልቅ ማቆየቱ በዘመኑ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አሳልፈው አይሂዱ። ስዌይዚ ከመታጠቢያ ወጥቶ መስተዋት ፊት ይቀመጥና ቪዳ ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ብቅ ትላለች። እዚያ ላይ ምን እየተሠራ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሊፒስቲክ መቀባት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ትግል ከጺም ጋር ነው። ጺም በደንብ ቢላጭም ከቆዳው ሥር የቀረው ሥር ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ጥላ ይጥላል፤ የቆዳ መልክ ያለው ፋውንዴሽን ብቻውን ቢደረብበት ጥላው አልፎ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ብርቱካናማ ቀለም አገጭና ከንፈር ዙሪያ ላይ በስሱ ይደረጋል፤ ብርቱካናማ ሰማያዊን ያጠፋል። ከዚያ ፓውደር፣ ከዚያ ፋውንዴሽን፣ እንደገና ፓውደር። ፋውንዴሽኑ መታሸት የለበትም፤ በስፖንጅ እየተጫነ ነው የሚቀመጠው። ከታሸ ሥሩ ያለው ብርቱካናማ ይቀላቀልና ፊቱ የጡብ መልክ ይይዛል። እንደ ስናይፕስ ላለ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ፈዛዛው ብርቱካናማ አይሆንም፤ አመድ ያስመስላል። ወደ ቀይ የሚያደላ ጠቆር ያለ ቀለም ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ ለመድረክ ሥራ ሜካፕ የሚሠሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለነጭ ቆዳ የተሠራ ማስተካከያ ቀለም ገዝተው ለሁሉም ይጠቀሙበታል።

ቅንድብም የራሱ ጣጣ አለው። የወንድ ቅንድብ ወፍራምና ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ መላጨት ካልተፈለገ በስቲክ ማስቲሽ ተለጥጦ ይተኛል፣ ይደርቃል፣ ይደገማል፣ በፓውደርና በመሸፈኛ ቀለም ይጠፋል፤ አዲሱ ቅንድብ ከእሱ ከፍ ብሎ ይሣላል። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተቸኮለ እንደሆነ ፀጉሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ አንድ እያለ ይነሣል። ዳሌው የስፖንጅ ቅርጽ ነው፤ በላዩ ላይ አንድ ስቶኪንግ ብቻ ከተደረገ የስፖንጁ ጠርዝ በቀሚሱ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ሦስት አራት መደራረብ ያስፈልጋል። ዊጉ ላብ ሲነካው መጀመሪያ የሚለቀው ጆሮ ግንድ አካባቢ ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ፊልሙ ላይ የሚያስቅ ስህተት ያገኛሉ። ሦስቱ ሰዎች በኔብራስካ ሙቀት ቀናትን ሲያሳልፉ ከአንዳቸውም ፊት ላይ ጺም አይበቅልም። ይተኛሉ፣ ይነሣሉ፣ ያጌጣሉ፤ ምላጭ አይታይም። አዘጋጆቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የተመልካቹን ዓይን ላለመረበሽ የተውት ይመስለናል። እኛ ግን እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን፤ አንድ የጠዋት መላጨት ትዕይንት ቢገባ በሣቁም በፍርሃቱም ላይ ብዙ ይጨምር ነበር።

የልብሱ ኃላፊ ማርሊን ስቱዋርት ናት። ልብሶቹ ሦስቱን ለያይተው ያቆማሉ፤ ቪዳ የጨዋ ቤት እመቤት፣ ኖክሲማ አንደበተ ስለታም ልዕልት፣ ቺቺ ገና ያልበሰለች ጉብል። ከትወናው ስዌይዚ ይበልጣል። እናቱ የዳንስ አስተማሪ ነበረች፤ እሱም ዳንሰኛ ሆኖ ነው ያደገው፤ አንገቱንና የእጅ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ያስታውቃል። እኛ አገር ወንድ ኮሜዲያን ሴት ልሁን ሲል ነጠላ ጣል አድርጎ ድምፁን ያቀጥናል፤ ሣቁም የሚመጣው ሴቲቱን በማሽሟጠጥ ነው። ስዌይዚ ድምፁን አያቀጥንም፤ ያለሰልሰዋል እንጂ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፊልሙን የተሸከመው ግን እሱ ነው። ነገሩ ለመድረካችን እንግዳ አይደለም፦ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው፤ ያኔ ለማሾፍ ሳይሆን ለቁም ነገር።

አሁን ወደ ትርጉሙ። የዚህ ፊልም ሣቅ ግማሹ ጆሮ ላይ ነው፤ ተርጓሚው የሚወድቀውም እዚህ ነው። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን አይለይም። አማርኛ ግን አፍ በተከፈተ ቁጥር ያስመርጣል፤ «ና» ወይስ «ነይ»፣ «ተቀመጥ» ወይስ «ተቀመጪ»። የከተማዋ ሰዎች ሴቶች መስለዋቸዋልና «አንቺ» ይላሉ፤ ይህ ቀላል ነው። ሦስቱ እርስ በርሳቸውም «አንቺ» ነው የሚባባሉት፤ እኛም እዚህ ገጸ ባሕርያቱን በሴት አንቀጽ የምንጠራው ፊልሙ እንዲያ ስለሚያደርግ ነው። ሸሪፍ ዶላርድ (ክሪስ ፔን) ሌሊት መንገድ ላይ አስቁሞ ቪዳን ሲተናኮላት «አንቺ» ይላል፤ እጁን ሰዶ ያልጠበቀውን ሲያገኝ ደግሞ የአማርኛው ሸሪፍ «አንተ!» ብሎ መጮህ ይችላል። በአንድ ቃል ድንጋጤውም ውርደቱም ይወጣል። እንግሊዝኛው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጥሩ የአማርኛ ሰብታይትል ከኦርጅናሉ የሚበልጥበት ቦታ ነው።

ከባዱ ካሮል አን ናት። ስቶካርድ ቻኒንግ የምትጫወታት፣ ባሏ የሚደበድባት የከተማዋ ሴት። መጨረሻ ላይ ቪዳ ወንድ መሆኗን ከመጀመሪያው አንሥቶ ታውቅ እንደነበር ትነግራታለች፤ ማንቁርቷን አይታ ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ምን ያድርግ? ቀኑን ሙሉ «አንቺ» ካስባላት እውቀቷን ከእኛም ከራሷም ይሰውራል። «አንተ» ካስባላት ምሥጢሩን ገና በመሃል ያፈነዳዋል። መውጫው እዚሁ አፋችን ላይ አለ፤ «እርስዎ»፣ የጎጃም ሰው እንደሚለው ደግሞ «አንቱ»። አንቱታ ወንድም ሴትም አይልም። ካሮል አን እንግዳዋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በአክብሮት «አንቱ» ብትላት ማንም አይጠረጥርም፤ የገጠር ሰው እንግዳ ያከብራል ብለን እናልፈዋለን። ስንብቱ ላይ ወንድም ሴትም አድርጋ እንደማታያት፣ መልአክ አድርጋ እንደምታያት ስትነግራት፣ ያ ሁሉ «አንቱ» ምን ይሸሽግ እንደነበር ወደ ኋላ ይገባናል። ሰብታይትል ለመሥራት የምታስቡ ልጆች ይህን አንድ ነገር ብትጠብቁ ሌላው ስህተት ይቀርላችኋል።

ትናንሽ ቃላትም አሉ። እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበትን «ገርል» «ልጃገረድ» ማለት ሣቁን ይገድለዋል፤ «እቴ» ይበቃዋል። ቺቺ ቪዳን «እትዬ» ብትላት እንኳ አይከፋም። «ድራግ ኩዊን»ን እንዳለ ይተዉት፤ የማሽን ትርጉም «ድራግ»ን ከመጎተት ጋር አገናኝቶ ጉድ ሊያፈላ ይችላል። ኖክሲማና ቪዳ ቺቺን «ገና ድራግ ኩዊን አልሆንሽም፣ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ልጅ ነሽ» እያሉ የሚያበሽቋት ነገር ግን መተርጎም አለበት፤ የቺቺ ጉዞ በሙሉ ከዚያ ስም ለመውጣት ነውና።

ተተርኮ የተቀዳው ቅጂ ለምን እንደማይሆን አሁን ግልጽ ይመስለናል። አንድ ወንድ ተራኪ የሦስቱንም ድምፅ ይሸፍናል፤ ሥር ያለው ኦርጅናል ድምፅ ይቀነሳል፤ ሬቸል ፖርትማን ለፊልሙ የሠራችው ሙዚቃ ይዋጣል፤ ተራኪውም አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» እያለ ይቀላቅላል። ለድብድብ ፊልም ምንም አይደል። ለዚህ ግን ወጡን አፍስሶ ድስቱን እንደማቅረብ ነው።

በፔዳ አካባቢም ሆነ በገበያው መሃል ስታስጭኑ የሚከተለውን አረጋግጡ። ፋይሉን አስከፍቶ ርዝመቱን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። 1፡49 ከሆነ በሴኮንድ 23.976 ምስል የሚሄደው ትክክለኛው ነው። 1፡44 ተኩል ገደማ ከሆነ ከአውሮፓ ዲቪዲ የመጣ፣ በሴኮንድ ወደ 25 ምስል የተፋጠነ ነው፤ የተቆረጠ ነገር የለውም፤ ሩጫው ነው የጨመረው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካልተስተካከለ ድምፁ በ4 በመቶ ያህል ይቀጥናል፤ ስዌይዚ ያላቀጠነውን ድምፅ ማሽኑ ያቀጥንበታል። ሁለተኛ፣ ለ1፡49ኙ የተሠራ ሰብታይትል አይገጥምበትም፤ 10ኛው ደቂቃ ላይ 25 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፣ መጨረሻ ላይ ልዩነቱ አራት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ከ1፡40 በታች የሆነ ቅጂ ግን ተቆርጧል።

ሰብታይትሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል፣ ለምሳሌ በ2 ሴኮንድ፣ ብቻ ከሳተ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ ሲከፍቱ የ«ጂ» እና የ«ኤች» ቁልፎች በየጫናው 50 ሚሊ ሴኮንድ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱታል። እየሄደ የሚሰፋ ልዩነት ከሆነ ግን በቁልፉ መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ አንዱን ቦታ ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የምስል ፍጥነቱን ከ23.976 ወደ 25 መለወጥ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፊደሉ በቴሌቪዥን ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፍላሹን አይውቀሱ። ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም ወይም ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አልተቀመጠም። ሁለተኛውን ኖትፓድ ከፍቶ በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ ይፈታዋል። የመጀመሪያውን የሚፈታው ወይ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ማገናኘት ነው፣ ወይ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ሰብታይትሉን ምስሉ ላይ ማጣበቅ ነው። ማጣበቁ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ጊዜው መግጠሙን ሳያዩ አያጣብቁ።

ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከጠፋ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው ዓይነት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች አያነቡትም፤ በኤኤሲ ወይም በኤሲ3 የተሠራ ቅጂ ይጠይቁ። ድምፁ ኖሮ ምስሉ ከጠፋ ቪዲዮው ኤች.265 ሊሆን ይችላል፤ ለቆየ ቴሌቪዥን ኤች.264 ይሻላል። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ላይ፣ ቦታ ቢኖረውም፣ አይገባም። ለዚህ ፊልም ግን 2 ጊጋባይት ገደማ የሆነ በቂ ነው። ጎኑ ተቆርጦ ካሬ የሆነ ምስልም አይቀበሉ፤ ሦስቱ ካዲላኩ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዷ ከስክሪኑ ውጭ ትቀራለች። ቴሌቪዥኑ «ቪቪድ» ላይ ከሆነ ወደ «ሙቪ» ይለውጡት፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ድግስ ቀያይ ቀሚሶች እንደ ቲማቲም ድልህ አንድ ወጥ ሆነው ዝርዝራቸው ይጠፋል።

ሐይቁ ዳር በፕሮጀክተር ለማሳየት ያሰበ የእንግዳ ማረፊያ ካለ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አይጀምር፤ ኔብራስካ በፀሐይ የተሞላች ናት፣ የሌሊቱ የሸሪፍ ትዕይንት ግን በድንግዝግዝ ምንም አይታይም። ጨርቁን ከታችም ያስሩት፤ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ፊቶቹን ያወዛውዛል። የፕሮጀክተሩን ብርሃን የሚከተሉት ትንኞች ሌላ ጉዳይ ናቸው።

ለማን? የአሜሪካው ደረጃ ፒጂ-13 ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ይጠንቀቅ እንደ ማለት። የመኝታ ትዕይንት የለውም፤ የሸሪፉ ጥቃትና የካሮል አን ድብደባ ግን አለ፤ ለትንንሽ ልጆች አንመክርም። ሦስቱ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መሆናቸውን ፊልሙ አይደብቅም፤ ስለ ፍቅር ሕይወታቸው ግን ከቺቺ አጭር የመንደር ፍቅር በቀር አንዳች አያሳይም። የሌላውን ሰው ኑሮ አስተካክለው፣ ዲዳ የመሰለችውን አሮጊት ክላራን አናግረው፣ ከተማውን ቀለም ቀብተው ይሄዳሉ። ፊልሙ የራሳቸውን ሕይወት አያሳይም ብሎ የሚወቅሰው ሰው ትክክል ነው። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የአውስትራሊያው የድራግ ኩዊኖች ፊልም «ፕሪሲላ» በዚህ ይበልጠዋል፤ በልብሱም ይበልጠዋል። በትንሽ ገንዘብ፣ ከነጠላ ጫማ ቀሚስ ሠርቶ የልብስ ኦስካር ወስዷል፤ «ቱ ዎንግ ፎ» ለኦስካር አልታጨም። ስዌይዚና ሌጉዊዛሞ ግን ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭተዋል። ቪዳ እናቷ ደጅ መኪናውን አቁማ እናቷ ስታያት ፊቷን የምታዞርባት አጭር ቅጽበት ብቻዋን ለእጩነቱ ትበቃለች።

በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሁለት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቶ 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ሌላው የድራግ ኮሜዲ «በርድኬጅ» እዚያው አሜሪካ ከ120 ሚሊዮን በላይ አስገባ፤ ስቱዲዮዎች በርዕሰ ጉዳዩ እንዳይፈሩ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። መጀመሪያው ላይ ለአፍታ ብቅ የሚለው ድራግ ኩዊን ሩፖል እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱን የድራግ ውድድር በቴሌቪዥን ጀመረ። ቢን ደግሞ ታሪኩን ሙዚቃዊ ተውኔት አድርጎት በ2023 ማንቸስተር ላይ ታይቷል።

ከጫኚው ቤት ሳይወጡ አንድ የመጨረሻ ፍተሻ ያድርጉ፦ ፋይሉን ወደ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያስዘልሉት። ሆሊዉድ ውስጥ አሸናፊዋ ዘውድ ስትደፋ፣ ዘውዱን የምትጭነው ራሷ ጁሊ ኒውማር መሆን አለባት። እሷ ከሌለች ቅጂው ተቆርጧል፤ ፍላሹን መልሰው ይስጧቸው።